በጎውም ክፉውም የተጻፈለት ሰው፣ ሐውልቱ ይቁም ወይስ ይነሣ?

ጥያቄ
መምህሩ (ደብረ ብርሃን)

ጤና ይስጥልን፣ የተከበራችሁ ወገኖች። በደብረ ብርሃን በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምራለሁ። በቅርቡ ለተማሪዎቼ ክርክር ላዘጋጅ አስቤአለሁ። ርዕሱ፣ በጎ ሥራቸው የማይካድ ነገር ግን ከባድ በደልም የተመዘገበባቸው የታሪክ ሰዎች ሐውልት በአደባባይ ይቁም ወይስ ይነሣ የሚል ነው። ተማሪዎቹን በሁለት ወገን ከፍሎ ማከራከሩ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ክርክሩ ካበቃ በኋላ «የእርስዎስ አቋም ምንድን ነው፣ መምህር?» የሚለው ጥያቄ ነው፤ መምጣቱ አይቀርምና።

ጉዳዩን በሁለት ምሳሌ ላስረዳ። በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ከሮም ብዙ በማትርቀው አፊሌ በምትባል ትንሽ ከተማ ለሮዶልፎ ግራዚያኒ መታሰቢያ ተሠርቶ ሲመረቅ፣ ኢትዮጵያውያን በአገር ውስጥም በውጭም ተቆጥተዋል፤ እኔም ተቆጥቻለሁ። የየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ በእርሱ ዘመን የተፈጸመ ነው። በዚያው ዓመት ግንቦት ወር የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት የተረሸኑት በእርሱ ትእዛዝ ሲሆን፣ ከገዳሙ የተወሰዱት ወጣት ዲያቆናት የተገደሉት ደግሞ እዚሁ በደብረ ብርሃን አቅራቢያ ነው። ለእንዲህ ያለ ሰው መታሰቢያ መቆሙ ነውር ነው ብሎ ለመናገር ብዙ ማሰብ አያስፈልግም።

ሁለተኛው ምሳሌ ግን ወደ ገዛ ደጃችን ያመጣናል። ከተማችንን የቆረቆሩት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡ፣ እዚሁ ተጉለት በነበረው በደብረ ምጥማቅ በተደረገ ጉባኤ የሰንበትን (ቅዳሜም እንደ እሑድ ይከበር አይከበር የሚለውን) ውዝግብ የቋጩ፣ በስማቸው የሚጠሩ የሃይማኖት ድርሰቶችን ያስተረፉ ንጉሥ ናቸው። ዜና መዋዕላቸው ታዲያ ይህን ሁሉ ሲያወድስ ሌላውንም አይሸሽግም። ጣዖት አምልካችኋል ተብለው የተከሰሱት የገዛ ወንዶችና ሴቶች ልጆቻቸው በግርፋት ተቀጥተው ለሞት ተዳርገዋል፤ የልጃቸው የበእደ ማርያም እናት ጽዮን ሞገሳም ከግርፋት የተነሣ ሞተዋል። ለሥላሴ ካልሆነ ለማንም አንሰግድም ያሉት ደቂቀ እስጢፋኖስ (የአባ እስጢፋኖስ ተከታይ መነኮሳት) አፍንጫቸውና ምላሳቸው ተቆርጦ በድንጋይ ተወግረዋል። ከተማችን ስሟን ያገኘችበት ብርሃን በሰማይ ታየ የተባለውም ከዚህ ውግራት በኋላ፣ 38 ቀን አልፎ ነው።

እንግዲህ ለዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በከተማችን ሐውልት ይቁም ቢባል፣ እኔ ደግፌ እጄን የማወጣ ይመስለኛል። ጥያቄዬ ይህ ነው፦ በአፊሌ የምቆጣበት መርሕና በደብረ ብርሃን እጄን የማወጣበት መርሕ አንድ ሊሆን ይችላልን? ወይስ አንዱ ባዕድ ሌላው ወገን ስለሆነ ብቻ ነው የምለያያቸው?


መልስ
የሰላሌ ልጅ (ፍቼ)

መምህር፣ ሁለቱን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥዎ ለክርክር ይጠቅም ይሆናል እንጂ ነገሩ አንድ አይደለም፤ የሚለያዩትም በባዕድነትና በወገንነት አይደለም።

እኛ ለደብረ ሊባኖስ ቅርብ ስለሆንን ታሪኩን ከመጽሐፍ በፊት ከአያቶቻችን ነው የሰማነው። ግራዚያኒ ወደ ሮም በላካቸው ቴሌግራሞች 297 መነኮሳት፣ ከዚያም 129 ዲያቆናት መረሸናቸውን በኩራት አስታውቋል፤ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች የሟቾቹን ቁጥር ከ1,500 እስከ 2,000 ያደርሱታል። ከጦርነቱ በኋላ የኢጣሊያ ፍርድ ቤት 19 ዓመት እስራት የፈረደበት ከናዚዎች ጋር በመተባበሩ ነው፤ ያንንም ሳይጨርስ ብዙም ሳይቆይ ተፈትቷል። ስለ ኢትዮጵያ ግን አንድም ቀን ለፍርድ አልቀረበም። የአፊሌው መታሰቢያ «አገር» እና «ክብር» የሚሉ ሁለት ቃላት ተጽፈውበታል። ልብ ይበሉ፤ የተከበረው በደሉ እያለ ሌላ በጎ ሥራ ስላለው አይደለም። ሥራው ሁሉ የቅኝ ግዛት ጦርነትና ፋሺዝም ነበር፤ በደሉን ከሕይወቱ ቢያወጡት ሐውልቱን የሚሸከም አንዳች ነገር አይተርፍም።

የእኔ መለኪያ እንግዲህ ይኸው ነው፤ ሐውልቱ የቆመው ለየትኛው ሥራ ነው ብሎ መጠየቅ። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብን የሚያስብ ሰው ጉባኤውን፣ ድርሰቱን፣ ከተማውን ያስባል። ልጆቻቸውን ስላስገረፉ ሐውልት ይገባቸዋል የሚል ሰው የለም። ስለዚህ ሐውልቱ ይቁም፤ በደሉም በትምህርት ቤት ይነገር። ለዚህም እኮ ነው እርስዎ መምህር የሆኑት።

አንድ ነገር ልጨምር። ማንሣት ሁሉ ማጥፋት አይደለም። የፍቼው ተወላጅ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በአዲስ አበባ ለባቡር መንገድ ሥራ በ2005 ዓ.ም. ከቦታው ሲነሣ ብዙዎቻችን ደንግጠን ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ግን ወደ ሥፍራው ተመልሷል። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በፋሺስት ጥይት የወደቁት አባት ክብር፣ ሐውልታቸው ከአደባባዩ በራቀባቸው ዓመታትም አልቀነሰም።


መልስ
የመንዝ ሴት

ወንድሜ የሰላሌው ያስቀመጡት መለኪያ ጥሩ ይመስላል፤ ነገር ግን በተግባር ሲፈተሽ ማንኛውንም ሰው ያሳልፋል። ግራዚያኒን ብቻ የሚይዝ ወንፊት ነው። አንድም ደግ ሥራ ያልሠራ ባለሥልጣን ወይም ባለጸጋ በታሪክ ማግኘት እጅግ ያስቸግራልና።

በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል ከተማ የነበረውን የኤድዋርድ ኮልስተንን ሐውልት እንውሰድ። ሰውየው ትምህርት ቤትና የአረጋውያን መጠለያ አሠርቷል፤ ሐውልቱ እ.ኤ.አ. በ1895 የቆመለትም ለዚሁ ቸርነቱ ነበር። በእግሩ ሥር ያለው ጽሑፍ ከከተማይቱ እጅግ ደጋግና ጥበበኛ ልጆች አንዱ ይለዋል። ይህ ሰው ግን ሮያል አፍሪካን ኩባንያ በተባለው የባሪያ ንግድ ድርጅት ውስጥ ከመሪዎቹ አንዱ ነበር፤ እርሱ በነበረበት ዘመን ኩባንያው ወደ 84,000 የሚጠጉ አፍሪካውያንን በመርከብ አግዟል። ቸርነቱ የተፈጸመበት ገንዘብ ከየት እንደመጣ ታዲያ ይታወቃል። በሰላሌው ወንድማችን መለኪያ ኮልስተን ያልፍ ነበር፤ ሐውልቱ የቆመው ለመጠለያው ነው፣ ለባሪያ ንግዱ አይደለም ይባልለት ነበር።

የሐውልትና የታሪክ መጽሐፍ ሥራ የተለያየ ነው። መጽሐፍ ግራና ቀኙን ያወራል፤ ሐውልት ግን ሰውን ከሌላው ከፍ አድርጎ ሰቅሎ «ይህን እዩ» ይላል፤ መከራከሪያ የለውም። ስለዚህ መጠየቅ ያለብን ሐውልቱን ማን አቆመው፣ ለምን አቆመው ብቻ ሳይሆን፣ በሥሩ የሚያልፈው ሰው ማን ነው የሚለውንም ነው። ለዚህ ከራሴ ወገን ልጀምር። ያደግሁት የዳግማዊ ምኒልክ ስም በየቤቱ በሚነሣበት አገር ነው፤ የተወለዱበት አንጎለላም ሩቅ አይደለም። የዐድዋን ድል ያቀዳጁን ንጉሥ ናቸው፤ ይህን ለማንም አልሸጥም። በዩኒቨርሲቲ አንድ ክፍል አብራኝ የኖረችው ልጅ ግን የሶዶ ተወላጅ ነበረች። የአራዳውን የምኒልክ ሐውልት አብረን ስናየው እኔ የ1888ቱን ድል አየሁ፤ እርሷ ደግሞ የ1887ቱን የወላይታ ዘመቻ፣ ቆስሎ የተማረከውን ንጉሥ ጦናንና የተጋዘውን ሕዝብ አየች። ሁለታችንም የምናውቀውን ነው ያየነው፤ የተሳሳተ አልነበረም። ሐውልቱ ይነሣ አላለችኝም፤ እኔም አልልም። ነገር ግን የእርሷን ሐዘን የሚናገር አንዲት መስመር በዚያ አደባባይ አለመኖሩን ከዚያ ቀን በፊት አስቤው አላውቅም ነበር።

መንጋ ተሰብስቦ በገመድ ይጣለው ማለቴ ግን አይደለም። በአገራችን የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የማይንቀሳቀስ ቅርስ ከሥፍራው ለማንሣት የቅርስ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤቱን የጽሑፍ ፈቃድ ይጠይቃል። ቁጣ ባየለበት ዕለት ሐውልት መጣል በዕለቱ የበረታው ወገን ፍርድ ነው፤ ነገ ሌላው ሲበረታ ደግሞ የእኔና የእርስዎ ተራ ይደርሳል።

ወደ ጥያቄዎ ስመለስ፣ መምህር፣ እኔ ብሆን ለዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ አዲስ ሐውልት አላቆምም። የቆመ ነገር ማቆየትና አዲስ ማቆም አንድ ፍርድ አይደሉም። የቆመው የዘመኑ ምስክር ነው ልንል እንችላለን፤ አዲሱ ግን የእኛው ምስክርነት ነው፤ ደቂቀ እስጢፋኖስ የተወገሩበትን ታሪክ አንብበን ካበቃን በኋላ የምንሰጠው ምስክርነት። የግድ ከተባለም ለተወጋሪዎቹ መታሰቢያ ጎን ለጎን ይቁም።


መልስ
ቀራጭ ነኝ

እኔ በሙያዬ ድንጋይና ሲሚንቶ የምሠራ ሰው ነኝ፤ እዚህ አካባቢ ካሉ ሐውልቶችና የመቃብር ሥራዎች በተወሰኑት ላይ እጄ አለበት። ሁላችሁም ስለ ጽሑፉ ስለምታወሩ የማውቀውን ልናገር።

በአነስተኛ ከተሞች የሚቆም ሐውልት ብዙውን ጊዜ ነሐስ አይደለም። በፌሮ አጽም ላይ ሲሚንቶ ተለስኖ፣ በላዩ የነሐስ ቀለም ይቀባል። ብርዳችንና ዝናባችን ቀለሙን ቶሎ ይልጠዋል፤ በቂ እንክብካቤ ካላገኘ ክረምት በመጣ ቁጥር ጣትና አፍንጫ መጠገን አለ። ገንዘቡ በአብዛኛው የሚያልቀው በምስሉና በመቆሚያው ላይ ነው። የእምነ በረዱ ሰሌዳ የሚታሰበው ምረቃው ሲደርስ ነው፤ የምንቀርጸውም በፊደል ቁጥር ሒሳብ ነው። ስለዚህ አሠሪው መጀመሪያ የሚለው «አሳጥረው» ነው።

ሲያጥር ታዲያ ምን እንደሚቀር ልንገራችሁ። ስም፣ የልደትና የሞት ዓመት፣ አንድ ውዳሴ፣ ከዚያ «ይህ ሐውልት በክቡር እገሌ፣ የእገሌ መሥሪያ ቤት ኃላፊ፣ በዚህ ቀን ተመረቀ» የሚለው። ያስመረቀው ሰው ስምና ማዕረግ ከባለታሪኩ ታሪክ የበለጠ ቦታ የወሰደበትን ሰሌዳ ቀርጫለሁ። ባለሥልጣኑ ከተነሣ በኋላ ስሙን ፍቀህ አውጣልን ተብዬ ተጠርቼም አውቃለሁ። ስለዚህ «ሐውልቱ ይቁም፣ በሥሩ እውነቱ ይጻፍ» ስትሉ፣ በዚያች ሰሌዳ ላይ ስለ ፊደል ቁጥር የሚደረገውን ትግል እያሰባችሁ ይሁን።

የመንዟ እኅታችን ያነሣችው የኮልስተን ጉዳይም በዚሁ ነው የተበላሸው። የባሪያ ንግዱን የሚናገር ሁለተኛ ሰሌዳ ይጨመር ተብሎ ዓመታት ተከራክረዋል፤ በቃላቱ መስማማት ስላቃታቸው ሰሌዳው ሳይለጠፍ ቀረ። ከዚያ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2020 ሕዝቡ በገመድ ጎትቶ ወደቡ ውኃ ውስጥ ጣለው። አውጥተው አሁን በከተማው ሙዚየም፣ የተረጨበት ቀለም ሳይታጠብ፣ እንደ ተጋደመ ያሳዩታል። እንደ ባለሙያ የማደንቀው ይህን ውሳኔ ነው፤ አጥቦ መልሶ ማቆም በጣም ቀላሉ ሥራ ነበር።


መልስ
አንኮበሬው

ልጆቼ፣ በዕድሜ ስለገፋሁ አጭር ልናገር።

በደርግ ጊዜ አዲስ አበባ ነበርሁ። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ከአገር ወጡ፤ ቀናት ሳይቆዩ የሌኒን ሐውልት ከመቆሚያው ወረደ። የካርል ማርክስ ሐውልት ግን በዩኒቨርሲቲው አካባቢ እስከ ዛሬ አለ። ደርግ ያቆመው የትግላችን ሐውልትም በቦታው ነው። የማርክስን መጽሐፍ ይዞ የገደለን ያው ሰው ሆኖ ሳለ አንዱ ወድቆ ሌላው የተረፈበትን ምክንያት ማንም አስረድቶኝ አያውቅም። ሌኒን ሰፊ አደባባይ ላይ ቆሞ ስለነበር የሰው እጅ ቶሎ ደረሰበት፣ ማርክስን ግን ብዙ ሰው አያስታውሰውም ነበር፤ እኔ ይህን ነው የምገምተው። መርሕ የምትሉት ነገር በዚያ ሳምንት በመንገድ ላይ አልታየኝም።

የምኒልክ ሐውልትም እንዲሁ ነው። በ1923 ዓ.ም. በዐፄ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል ዋዜማ ተመረቀ፤ ጣሊያን አዲስ አበባን ሲይዝ ነቅሎ ደበቀው፤ ከነጻነት በኋላ ተመልሶ ቆመ። ጣሊያን የነቀለው ስለ ወላይታ አዝኖ አልነበረም። ዐድዋ ስላንገበገበው ነው። እኔ ሐውልት ይነሣ የሚል ድምፅ ስሰማ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ በባዶው መቆሚያ ላይ ማንን ልታስቀምጥ ነው? መልሱን የሚያውቅ ሰው ከሆነ የሚጠይቀኝ፣ ስለ በደል ማውራቱን ብዙም አልሰማውም።

ልጄ የመንዟ፣ የሶዶዋ ጓደኛሽ ሐዘን እውነት ነው፤ ያንን አልክድም። ነገር ግን ለየሐዘኑ ሐውልት፣ ለየሐውልቱ መልስ የሚሆን ሌላ ሐውልት ከቆመ፣ አደባባዩ ሁሉ የዱላ ምልልስ ይሆናል። በሐውልት የተጀመረ ጠብ በሐውልት ሲበርድ አላየሁም።


መልስ
የመንዝ ሴት

አባባ፣ ምክርዎን ተቀብዬ በአንዱ ነጥብ ላይ ልከራከርዎ። በባዶው መቆሚያ ላይ የሚቆም ሰው አለና ስለ በደሉ አናውራ ከተባለ፣ ያን ጊዜ የሚጠቀመው የበደለው ብቻ ነው። የሌኒን መውደቅ ስርዓት የሌለው መሆኑ የወደቀበትን ምክንያት ከንቱ አያደርገውም። ለቀይ ሽብር ሰለባዎች በመስቀል አደባባይ የተሠራው የመታሰቢያ ሙዚየም ማንንም ከመቆሚያ ላይ አላወጣም፤ የሞቱትን ልጆች አጽምና ልብስ ነው የሚያሳየው። እናቶቻቸው ገብተው ሲያለቅሱ አይቻለሁ። ለደቂቀ እስጢፋኖስም የምጠይቀው እንዲህ ያለውን ነው፤ ከንጉሡ የሚበልጥ ረጅም ሐውልት አይደለም።


መልስ
የሰላሌ ልጅ (ፍቼ)

እኅቴ፣ ወንፊቱ ሰፊ ነው ያሉትን ተቀብያለሁ፤ ኮልስተንን ሳስብበት መለኪያዬ ላይ አንድ ጥያቄ መጨመር ግድ ሆኖብኛል፤ በጎው ሥራ የተሠራው በበደሉ ፍሬ ነው ወይስ ከበደሉ ተለይቶ? የኮልስተን መጠለያ ከባሪያው ዋጋ አይለይም። የዐድዋ ድል ግን ከወላይታ ዘመቻ ይለያል፤ ዐድዋ ላይ የወላይታም ልጅ የሸዋም ልጅ አብሮ ድኗልና። የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ነገር ግን እዚህ ላይ ያስቸግረኛል፤ የሃይማኖት አንድነት ያሉትን የገነቡት በዚያው በቅጣቱ ስለሆነ፣ አንዱን ከሌላው መለየት አልቻልሁም። መምህር፣ ይህን ለተማሪዎችዎ ይተዉላቸው፤ እኔ ዛሬ አልፈታሁትም።


መልስ
መምህሩ (ደብረ ብርሃን)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከሁሉ የያዝሁት የመንዟ እኅታችን የቆመን በማቆየትና አዲስ በማቆም መካከል ያሰመረችውን ልዩነት ነው። እጄን ላወጣ ነበር ያልሁት ለአዲስ ሐውልት ነው፤ አሁን አላወጣም። የአራዳው ምኒልክ ይነሣ ቢባል ግን እቃወማለሁ፤ በሥሩ የወላይታ መስመር ይጨመር ቢባል ደግሞ እደግፋለሁ። አፊሌን በተመለከተ አንዳችም አልተለወጥሁም፤ በ2004 ዓ.ም. የቆመ ስለሆነ የዘመኑ ምስክር ነው እንኳ ሊባል አይችልምና። አባባ አንኮበሬው የባዶው መቆሚያ ጥያቄዎን ለክርክሩ ዳኞች እሰጣቸዋለሁ።

ተማሪዎቹን «ይቁም» እና «ይነሣ» ብዬ መክፈሉን ትቼዋለሁ። ይልቁንም ሁለቱም ቡድኖች ለዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሰሌዳ እንዲጽፉ አደርጋለሁ፤ ከተማውን፣ ጉባኤውን፣ ልጆቻቸውንና የተወገሩትን መነኮሳት ሁሉ የሚያነሣ፣ ሐሰትም ስድብም የሌለበት። ከዚያ ሁለቱን ጽሑፎች ክፍሉ በሙሉ ቃል በቃል ይከራከርባቸዋል። ወንድሜ ቀራጩ፣ በመደበኛ ሰሌዳ ላይ ስንት ፊደል እንደሚገባ ቢነግሩኝ ልኩን እሰጣቸው ነበር።


መልስ
ቀራጭ ነኝ

መምህር፣ 60 በ40 ሴንቲ ሜትር የሆነ እምነ በረድ ላይ፣ ቆሞ ለሚያነብ ሰው በሚታይ ፊደል ከተቀረጸ፣ ዳርና ዳሩ ተትቶ ወደ 200 ፊደል ይገባል፤ 40 ቃል ገደማ ማለት ነው። ለተማሪዎቹ ሙሉውን ይስጧቸው። ያስመረቀው ባለሥልጣን ስም እንዳይገባ ግን አስቀድመው ይከልክሏቸው፤ ያለዚያ 25 ቃል ነው የሚተርፋቸው።